ጣሊያን በተከለው ድንኳን ሥር

ሊይዙኝ የመጡ ዕለት ፈትል ላይ ነበርኩ። አስተርጓሚው ደጄ ላይ ቆሞ፣ ጠመንጃ ያነገቱ ባንዶች ከኋላው ተደርድረው፣ «እሜቴ፣ ጌታው የት ናቸው?» አለኝ። ባሌ አርበኛ ሆኖ ጫካ ከገባ ከርሟል። እንዝርቴን አላስቀመጥኩም።

«ጌታው ካልካቸው፣ ጌታህ የት እንደዋሉ አንተን እንዴት ጠፋህ?» አልኩት።

ከባንዶቹ አንዱ ሳቀ። አስተርጓሚው አልሳቀም። ከዚያ በፊት በፋሲካም በገናም ከማዕዳችን የማይጠፋ፣ ባሌ በእጁ ያጎረሰው ሰው ነበር። አዲስ አበባ ከፈረንጅ ነጋዴዎች ጋር ሲሠራ የለቀመው የጣሊያን ቋንቋ ነው ያንን ሰው ከእግረኛ ወደ ባለ በቅሎ የለወጠው። ስሙን አልጠራም። ልጆቹ ዛሬ የተከበሩ ናቸው፤ እነሱ ምንም አላደረጉኝም። የሚያውቀው ያውቀዋል።

ባለ በቅሎ ያልኩት በከንቱ አይደለም። ከቤቴ ደብረ ማርቆስ ድረስ የኔን በቅሎ ተቀመጠባት። እኔ ከኋላዋ በእግሬ ሄድኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እንኳ ልጓም የሚይዝልኝ ሰው ነበረኝ። በመንገድ ያገኘን ገበሬ ሁሉ ፊቱን ወደ ማሳው ያዞር ነበር። ጠልቶኝ አይደለም፤ እንዳላፍር ብሎ ነው። ከመራመዱ ይልቅ የከፋኝ ያ ነበር። የበቅሎዬን ጭራ እያየሁ ከተማ ገባሁ።

የታሰርኩበት ቤት ድሮ የአንድ ትልቅ ጌታ የእህል ቤት ነበር። ጣሊያን ጎተራዎቹን አውጥቶ ሰው ከተተበት። ግድግዳው በጭቃ የተመረገ ቀርከሃ ነው፤ ጭቃው በረገፈበት በኩል ብርሃን እንደ ክር ይገባል። ወለሉ ላይ የጤፍ እብቅ ነበር። አይጦቹ እህሉ ከሄደ በኋላም ቤታችን ነው ብለው አልወጡም። ሌሎች ሴቶች ገብተው ይወጡ ነበር፤ ከእኔ ጋር የቆየችው ግን አንዲት ብቻ ናት። የሉማሜ ጠላ ሻጭ ነች። በጠላዋ ጋን ውስጥ፣ ከአተላው ሥር፣ የአርበኛ ጥይት ደብቃ ተገኝታ ነው የታሰረችው።

«እሜቴ፣ እንኳን ደህና ገቡ» አለችኝ በገባሁ ጊዜ። «ወንበሩን ጣሊያን ወሰደው።»

አልመለስኩላትም። እንደዚያች ያለች ሴት በሕይወቴ አነጋግሬ አላውቅም። መሬት ላይ ላለመቀመጥ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ጀምበር ስታዘቀዝቅም ቆሜያለሁ።

«ምድር ለእሜቴም ብድግ አትልም» አለች ከተኛችበት። «እርስዎ ይውረዱላት።»

ወረድኩላት።

ጠዋት ጠዋት ያልተፈጨ ገብስ ይሰጡናል። የበላ መፍጨት አለበት። ወፍጮው ግቢው ውስጥ፣ በገበያው መንገድና በእኛ መካከል በተዘረጋው ሽቦ አጥር አጠገብ ነበር። እኔ በቤቴ ፈጪዎች ነበሩኝ። ዱቄት በሁለት ጣቴ አሸት አድርጌ «ሻክሯል፣ ድገሙት» ከማለት ሌላ የማውቀው የለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መዳፌ ውኃ ቋጠረ፤ ኋላም ፈነዳ። ጠላ ሻጯ እየሳቀች «እህሉን ተውት እንጂ፤ እርስዎ እኮ ድንጋዩን ነው የሚፈጩት!» ትለኝ ነበር። ሳቋን እጠላው ነበር። ቢሆንም ወገቧ እንዴት እንደሚሄድ፣ ክንዷ የት እንደሚያርፍ ከማየት አልቦዘንኩም። ጥቂት ቆይቶ እጄ ጠጠረ። ከዚያም አንድ ጠዋት ሳታስበው «መጁን አቀብይኝ» አለችኝ። እሷም አላረመችው፣ እኔም አላረምኳትም። ከዚያ ወዲያ በመካከላችን እርስዎ የሚባል ቀረ።

ሰዎች ዛሬም «ያን ሁሉ እንዴት ቻልሽው?» ይሉኛል። ቻልኩት ብዬ አላውቅም፤ ለመድኩት ነው የምላቸው። የሚችል ሰው ቀኑ እስኪያልፍለት ጥርሱን ነክሶ ይጠብቃል። እኔ የምጠብቀው ቀን አልነበረኝም። ድሮ የነበርኩትን ሴት ደጄ ላይ ከእንዝርቴ ጋር ትቻት መጥቻለሁ። ገብስ የምትፈጨዋን ሴት ደግሞ ቀስ በቀስ አወቅኋት፤ ከፊተኛዋ የምታንስ ሆና አላገኘኋትም።

አሁን ልጽፍ የተነሣሁት ስለ አንድ የገበያ ቀን ነው። ስለዚያ ቀን ዕድሜ ልኬን ከኋላዬ ሲወራ ኖሯል። ካወሩት መካከል ድፍን አገር የሚያከብራቸው አሉ። እኔ እስካሁን አልተናገርኩም ነበር።

ያን ቀን ጠዋት፣ እኔና የሉማሜዋ ወፍጮ ላይ ሳለን፣ ወታደሮች ሸራ ድንኳን ይዘው መጡ። ከሽቦው አጥር አጠገብ፣ ከመንገዱ በሚታይ ቦታ ተከሉት። ውስጡን ጠርገው ሣር ጎዘጎዙበት። ሁለታችንም ለሹማቸው ግብዣ መስሎን ነበር።

ድንኳኑ እንደ ቆመ አስተርጓሚው መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ። ከተያዝኩ ጀምሮ «አንቺ» ሲለኝ የከረመ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሜቴ፣ አይዞዎት፤ የእግዜር ፈቃድ ነው» አለኝ። በክንዱ የባሌን በርኖስ ታቅፏል። በበርኖሱ ላይ ማተቡ ተቀምጧል።

«ጌታው አርፈዋል» አለ።

በርኖሱን ተቀበልኩት። እጄ ዱቄት ነበርና ጥቁሩ በርኖስ ላይ የጣቶቼ ምልክት ነጭ ሆኖ ወጣ። ከበርኖሱ ላይ ዓይኔን አንሥቼ ማተቡን አየሁ። ክሩን የፈተልኩት እኔ ነኝ፤ ሰማያዊ ቀለም ያገባሁለትም እኔ ነኝ። ቋጠሮው እንደ ቋጠርኩት ነው። የተቆረጠው ከበስተኋላ ነው፣ በስለት። ክርስቲያን በሕይወት ሳለ ማተቡን ከአንገቱ አያስቆርጥም። ባሌ ደግሞ አንገቱን ሳይሰጥ ማተቡን የሚሰጥ ሰው አልነበረም።

ሞቷል። በዚያች ቅጽበት፣ ቆሜ ሳለሁ፣ አወቅሁት። ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮው ሳይፈጭ ይፈጭ ጀመር። «የት ወደቀ? ማን ቀበረው?» የሚለው ጥያቄ ከጥርሴ ጀርባ ደርሶ ቆመ።

«ሹሙ አዝነውልዎታል» አለ አስተርጓሚው። «ድንኳኑ የእርስዎ ነው። አልቃሽ አስጠርተናል። የጌታው እህትም በመንገድ ላይ ናቸው። እንደ ወጋችን ጸጉርዎን አውርደው፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያልቅሱ። ማንም አይከለክልዎትም።»

ይህን ብሎ እንዳዘነ ሰው ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ። በአገሬ ባሏ የሞተባት ሴት ምን እንደምታደርግ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ጸጉሬን ላወርድ፣ ቀሚሴን ልቀድ፣ ደረቴን ልመታ እጄ ተነሥቶ ነበር።

የሉማሜዋ ከወፍጮው ላይ ቀና ሳትል፣ መጁን እየገፋች፣ በለሆሳስ ተናገረች።

«ጣሊያን ከመቼ ወዲህ ነው ለሐበሻ ለቅሶ ድንኳን የሚተክል? ያውም በገበያ ቀን።»

እጄ ወረደ።

መንገዱን አየሁት። ሮብ ገበያ ከሚባለው መንደር የመጣው፣ ከደምበጫም የመጣው ሰው፣ አህያውን እየነዳ በሽቦው ማዶ ያልፋል። እኔ አንድ ጊዜ ዋይ ብል ሳይመሽ ጮቄ ተራራ ላይ ይሰማል። የባሌ ሰዎች እዚያ ናቸው። ምናልባት ሲወድቅ ያየው ጥቂት ሰው ይኖር ይሆናል፤ የተቀሩት በየሸለቆው ተበትነው እሱ ሌላው ጋ አለ ብለው ነው የሚዋጉት። ጣሊያን ከአውሮፕላን «መሪያችሁ ሞቷል፤ ጠመንጃችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ ምሕረት አለ» የሚል ወረቀት ሲበትንባቸው ከርሞ አላመኑትም። ሚስቱ ጸጉሯን አውርዳ ድንኳን ተቀምጣለች ከተባሉ ግን ያምናሉ። ያመነ ደግሞ ይገባል። ከዚያ በፊት ምሕረት አምነው የገቡ ሰዎች ምን እንዳገኛቸው በዚያው ግቢ፣ ከግድግዳው ጀርባ፣ በጆሯችን ሰምተናል። ከባሌ ሰዎች መካከል ደግሞ የእናቴ ልጅ ታናሽ ወንድሜ ነበረ።

የሞተውን መመለስ አልችልም። ይህን ለራሴ እንዲሁ ነገርኩት፤ ባልሽ ሞቷል፣ ከዛሬ ጀምሮ ባል የሌለሽ ሴት ነሽ አልኳት። ሞቱን በልቤ ተቀበልኩ። መርዶውን ግን ከዚያ ሰው እጅ አልቀበልም አልኩ።

አስተርጓሚውን ጠራሁት።

«አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ እንጂ እሜቴ።»

«መርዶ መቼ ነው የሚነገር?»

ባርኔጣውን በእጁ ያገላብጥ ጀመር።

«በማለዳ ነው፣ ሰው አፉን ሳይታጠብ። ሽማግሌ ይዞ፣ የንስሐ አባት ይዞ። ፀሐይ እዚህ ደርሳ፣ ባርኔጣ ይዞ መርዶ የሚያረዳ የማን አገር ሰው ነው?»

«ጊዜው ጦርነት ነው…»

«እንግዲያ የሞተም የለም።»

ፊቱ ቀላ። «ማተቡን አላወቁትም?»

«ክር ነው» አልኩት። «ክር ገበያ ሞልቶ የለም?»

ያንን ስል ምን እንደ ተሰማኝ አልጽፍም። የኔ ነው።

ከዚያ በርኖሱን አጣጥፌ እንደ መከዳ አደረግሁትና ድንኳኑ ውስጥ፣ ከመንገድ በሚታየው በኩል፣ ቁጭ አልኩበት። ማተቡ በመዳፌ ውስጥ ነበር። «ድንኳናችሁ ጥሩ ነው፤ ፀሐዩ አስቸግሮን ነበር» አልኩት። ቀጥዬም የሉማሜዋን ጠራሁ።

«ነይ ጸጉሬን ሥሪኝ።»

የመጁ ድምፅ ቆመ። እኔን አየች፣ የተቀመጥኩበትን በርኖስ አየች። ያች ሴት በሕይወቷ ስንት ሰካራም ስትዳኝ የኖረች ናት፤ ሰው ምን እንደያዘ ከፊቱ ታውቅ ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች። ለተሰነጣጠቀ እጃችን በቅጠል ጠቅልላ ያስቀመጠቻት ቅቤ ነበረች፤ እሷን አወጣች። ከእህል ቤቱ ግድግዳ ቀጭን የቀርከሃ ስንጣሪ ነቅላ ወስፌ አደረገችው። ከኋላዬ ተንበረከከች።

«ምን ዓይነት ይሁን?»

«ጥቃቅን ሹሩባ። ጊዜ የሚወስደውን።»

«ገበያው እስኪፈታ?»

«ገበያው እስኪፈታ።»

ጸጉሬን በስንጣሪው እየከፈለች ትጎነጉን ጀመር። በመንገድ ላይ ሰው በበዛ ቁጥር ድምፅዋን ታነሣለች። «ኧረ አትነቃነቂ! ይህ ራስ ነው ወይስ አውድማ? በሬ ቢያዞሩበት ይበቃል እኮ!» አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ እርምጃውን ገታ አድርጎ ያየኛል። መንገዱ ጸጥ ሲል ደግሞ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «አልቅሺ፤ እኔ እጋርድሻለሁ። አንገትሽን ደፋ አድርጊ፣ ማንም አያይሽም» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ ሥሪ» አልኳት።

ሠራች። ትንሽ ቆይቶ በተከፈለው ጸጉሬ መካከል፣ ራስ ቅሌ ላይ፣ ሞቅ ያለ ነገር ጠብ አለ። ቅቤው የቀለጠ መሰለኝ። ደገመ። እጆቿ አልቆሙም፤ ትንፋሿም አልተሰማም። ባሌን ከሰው ሁሉ በፊት ያለቀሰችለት፣ መልኩን አይታው የማታውቅ የሉማሜ ጠላ ሻጭ ናት። ይህን ባላባቶቹ ዘመዶቹ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

አንድ ገብስ የጫነ ሰውዬ ከሽቦው ማዶ አህያውን አቆመ። የሮብ ገበያ አካባቢ ሰው ነው፤ በግብር ቀን ቤታችን መጥቶ ያውቃል።

«እሜቴ፣ እንደምን ዋሉ? ለቅሶ አለ ብለው አስወርተው…»

«የማን ለቅሶ?»

ሹሩባዬን አየ። ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኗል።

«እንጃ… ሰው ያወራል እንግዲህ።»

«ደህና ነን በል። የጠየቀህን ሁሉ እሜቴን ጸጉሯን ስትሠራ አየኋት በለው።»

«እነግራለሁ» አለ። ወደ ገበያው ይሄድ የነበረው ሰው አህያውን አዙሮ፣ ጭነቱን ሳያራግፍ፣ ወደ መጣበት ተመለሰ። አስተርጓሚው በሩቅ ሆኖ አየው፤ አንድ ገበሬ አህያ ሲያዞር ምን ይጠረጥራል?

የባሌ እህት የደረሰችው ከዚያ በኋላ ነው።

ጸጉሯን ተላጭታ፣ ወገቧን በገመድ ታጥቃ፣ ግንባሯን በጥፍሯ ተልትላ ነበር። አልቃሽዋና ሁለት ሽማግሌዎች ይከተሏታል። ከሩቅ ስታለቅስ ሰምቼአት ነበር፤ ድንኳኑ ጋ ደርሳ ስታየኝ ለቅሶዋን አቋረጠች። ቅቤው በግንባሬ ላይ ይወርድ ነበር።

«ጸጉርሽን ነው የምትሠሪው?» አለችኝ። «የወንድሜ ደም ሳይደርቅ?»

«የሞተ የለም። አረፍ በይ፣ ደክሞሻል።»

«በርኖሱን አሳይተውኛል! ማተቡን አሳይተውኛል!»

«ጨርቅና ክር ነው ያሳዩሽ።»

ዓይን ለዓይን ተያየን። ያን አተያይ እስከምሞት አልረሳውም፤ ነገሩ ገብቷት ነበር። ሞኝ አልነበረችም። ከወንድሟ ጋር አንድ ጡት የጠባች፣ ጮሌ ሴት ነች። ምን እያደረግሁ እንደሆነ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ቆማ ሳለች ገባት። ቀጥሎ የተናገረችውን የተናገረችው ገብቷት ነው።

«ለወንድምሽ ነው አይደል!» ብላ ጮኸች። «ጮቄ ላይ ያለው ወንድምሽ እንዲተርፍልሽ የኔ ወንድም እንደ ውሻ ሳይለቀስለት ይቅር! አዎ?»

አስተርጓሚው እዚያው ቆሟል።

ብዙዎች «ሐዘን አስጩኋት ነው» ይሉላታል። እኔም አዝኜ ነበር፤ አፌን ግን ዘግቼ ነበር። ለእኔ የሰነዘረችውን ስድብ ይቅር ብያታለሁ። ያንን ቃል በዚያ ሰው ፊት ማውጣቷን ግን ይቅር አላልኩም፣ ዛሬም አላልኩም። አቧራ ዘግና በተሠራው ጸጉሬ ላይ በተነችው። ሽማግሌዎቹ ይዘዋት ሄዱ። አንደኛው ሽማግሌ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ። እሱም ገብቶት ነበር፤ አፉን ግን መያዝ ያውቅ ነበር።

አስተርጓሚው ሮጦ ለሹሙ ተናገረ። ሹሙ ጣሊያን እስኪመጣ ገበያው መፈታት ጀምሯል። የሉማሜዋ የመጨረሻውን ጉንጉን እየጨረሰች ነው። ሹሙ ድንኳኑን አየ፣ እኔን አየ፣ በቋንቋው አንድ ቃል ወረወረ።

«ይላጯት ብለዋል» አለ አስተርጓሚው። «አልቅሺ ስትባይ እምቢ ካልሽ…»

አንድ ወታደር ምላጭ ይዞ መጣ። ልጅ እግር ነው፣ ጢሙ ገና ያልወጣ፤ ከማዶ አገር ያመጡት ሐበሻ። አንገቴን ሊይዝ እጁን ሲሰድ እኔ ራሴ ቀድሜ ጎንበስ አልኩለት።

«ምላጩን አርጥበው» አልኩት። «ደረቅ ምላጭ ራስ ያቆስላል። እናትህ አልነገረችህም?»

ቆሞ አየኝ። ከዚያ ሄዶ በጣሳ ውኃ አመጣና ምላጩን አረጠበ። ሹሙ የተባባልነውን አልሰማም፤ ቢሰማም አይገባውም ነበር። ወታደሩ ቀስ ብሎ፣ ሳያደማኝ ላጨኝ። ጉንጉኖቹ አንድ በአንድ ጭኔ ላይ ወደቁ፤ ቅቤያቸው ገና አልደረቀም። ነፋሱ ራሴን ሲያገኘው ብርድ ተሰማኝ።

እነሱ ቅጣት መስሏቸዋል። ለባሌ ላወርደው የሚገባኝን ጸጉር ጠላቱ በገዛ እጁ አወረደልኝ። ለባሌ ያለብኝን ወግ አደረስኩ፤ ያወቀው የለም፣ ከሉማሜዋ በቀር። እሷ አንድ ጉንጉን አንሥታ በብብቷ ደበቀች። ኋላ ስጠይቃት «ለምን እንደሆነ እንጃ፤ እንዲያው የለፋሁበት ነው» አለችኝ።

በሚቀጥለው ገበያ ነጭ ሻሽ በራሴ አስሬ፣ ወፍጮዬ ላይ ከመንገዱ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ሰው ቆም ብሎ ሲያየኝ የሉማሜዋ ሳትጠየቅ «ቅማል ነው! ቅማል አስቸግሯት ተላጨች! የጣሊያን ቅማል ደግሞ ጥርስ አለው!» እያለች ትጮህ ነበር። እኔ እፈጭ ነበር። ዱቄቴም ያን ጊዜ ልሟል።

ስንት ገበያ እንዳለፈ አላስታውስም። የሉማሜዋ አክስት ስንቅ ይዛላት መጣች። አገልግሉን በሽቦው ሥር ስታሳልፍ ወደኔ ሳታይ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች።

«አልገቡም።»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ በላሁ።

ጣሊያን ሲወጣ እኔም ወጣሁ። የባሌ ሰዎች በእሱ ፈንታ ሌላ መሪ መርጠው ጠመንጃቸውን ሳይጥሉ ጠብቀዋል። ወንድሜም ከነሱ ጋር በእግሩ ወረደ። ባሌ የወደቀበትን ቦታ ያሳየኝ እሱ ነው፤ አፅሙን አንሥተን ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አበቃነው። ከዚያ በሰኞ ማለዳ፣ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቴ በደጄ ቆመው መርዶውን ነገሩኝ። ሁላችንም የምናውቀውን ነገር እንዳልሰማሁ ሆኜ ሰማሁ። ጸጉሬ አድጎ ነበር፤ አወረድኩት። ፈረሱን ጭነው፣ ጋሻውን አንጠልጥለው አመጡልኝ። ድምፄ እስኪዘጋ አለቀስኩ። በዚያ ለቅሶ ላይ ድፍን አገር ሲመጣ የባሌ እህት አልመጣችም። አስተርጓሚው ግን መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀመጠ፤ ንፍሮም በላ። ኋላ ሹመትም አገኘ። ማንም ምንም አላለውም። እኔም በባሌ ለቅሶ ላይ ጠብ አላነሣም ብዬ ዝም አልኩ። ያን ዝምታ ዛሬ እዚህ ላይ አበቃሁት።

የባሌ እህት እስክትሞት ድረስ «ባሏ ሞቶ ሹሩባ የተሠራች» ትለኝ ነበር። በክርስትና ላይ፣ በሠርግ ላይ፣ እኔ ባለሁበት ሁሉ። ገብቷት እንደነበር እኔና እሷ ብቻ ነበር የምናውቀው። አንድም ቀን አልመለስኩላትም። ወንድሜ በሕይወት መኖሩ ይበቃኝ ነበር፤ ልጆቹን ድሯል፣ አሁንም ጓሮው ውስጥ ጌሾ ይለቅማል። ባለፈው ዓመት ስትሞት ለቅሶዋ ላይ ሄድኩ። ፊት ወንበር ሰጡኝ። እንደ ወጉ አለቀስኩላት፤ ለባሌ እህት የሚገባትን ያህል።

ከለቅሶው ስንመለስ አንዲት ወጣት፣ የእሷ የልጅ ልጅ፣ እየደገፈችኝ መጣች። እንደ አያቷ ደፋር ናት። መንገድ ላይ «እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? አያቴ እንደምትለው… እውነት ለባልዎ አላለቀሱም?» አለችኝ።

ቆምኩ። እግሬም ደክሞት ነበር።

«አልቅሻለሁ» አልኳት። «ቀኑን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ።»